ጨነቀኝ፦ አስጨናቂው ማን ነው?

[ጨለማ ክፍል። የስልክ ብርሃን ፊት ላይ አርፏል።]

ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው። ስልኩ አንድ ጊዜ ይጮሃል። መልእክቱ ከአለቃው ነው፦ «ነገ ጠዋት ቢሮዬ ብቅ በል፤ የምንነጋገርበት ጉዳይ አለ።» ይኸው ነው። ሰላምታ የለው፣ ምክንያት የለው።

አንብቦ ሳይጨርስ ልቡ ድው ድው ማለት ይጀምራል። አፉ ይደርቃል፣ እጁ ይቀዘቅዛል፣ ሆዱ ይገላበጣል። ከወንበሩ አልተነሣም፤ የሚያሳድደው አውሬም የለም። ሰውነቱ ግን ለሩጫ ተሰናድቷል።

አንጎላችን ውስጥ፣ በግራና በቀኝ ጆሮ አቅጣጫ ጠለቅ ብሎ፣ የአልሞንድ ፍሬ የሚያካክሉ ሁለት ክፍሎች አሉ። አሚግዳላ ይባላሉ፤ ስማቸውም በግሪክኛ አልሞንድ ማለት ነው። ከሥራቸው አንዱ አደጋን ማሽተት ነው። አደጋ የሚመስል ነገር ሲያገኙ፣ አመዛዛኙ የአንጎል ክፍል ነገሩን አጣርቶ እስኪጨርስ አይጠብቁም። ወዲያው ከኩላሊቶቻችን አናት ላይ ያሉት ዕጢዎች አድሬናሊን የተባለውን ሆርሞን ወደ ደም ይለቃሉ። ልብ የሚፈጥነው ለእግርና ለክንድ ጡንቻ ደም ለማድረስ ነው። እጅ የሚቀዘቅዘው ደሙ ከቆዳ ወደ ጡንቻ ስለሚሄድ ነው። በዚያች ቅጽበት ምግብ መፍጨት ቅንጦት ስለሆነ ምራቅ ይደርቃል፣ ሆድም ሥራውን ያቋርጣል። አሜሪካዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ ዋልተር ካነን ይህን ዝግጅት እ.ኤ.አ. በ1915 ባሳተመው መጽሐፍ ተንትኖታል፤ ወይ ለመፋለም፣ ወይ ለመሸሽ።

ይህን በዝርዝር የምናገረው ምክንያት አለኝ። ብዙ ሰው ልቡ እንዲህ ሲመታ «ልሞት ነው» ወይም «ላብድ ነው» ብሎ ያምናል፤ ከዚያም ፍርሃቱን ራሱን መፍራት ይጀምራል። ደረት ላይ የሚሰማ አዲስ ሕመም በጭንቀት ተሳብቦ መታለፍ የለበትም፤ ሐኪም ይየው። ሐኪም አይቶ ልብህ ጤነኛ ነው ካለ ግን፣ ያ ድው ድው የሚለው ጠባቂያችን ነው። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንላለን። በልጥ ደንግጦ የሮጠ ሰው የሚከፍለው ትንሽ ትንፋሽ ነው፤ እባቡን ልጥ ነው ብሎ የረገጠ ግን እግሩን፣ አንዳንዴም ሕይወቱን ይከፍላል። ስለዚህ ጠባቂው አብዝቶ መሳሳትን መርጧል።

[ነጭ ሰሌዳ። ሁለት ቃላት ይጻፋሉ፦ ፈራሁ፣ ጨነቀኝ።]

እነዚህን ሁለት ቃላት ልብ ብላችሁ ተመልከቷቸው። «ፈራሁ» ስንል ባለቤቱ እኛ ነን፤ የፈራነውም ነገር ይታወቃል፤ ውሻው፣ ጨለማው፣ ፈተናው። «ጨነቀኝ» ስንል ግን ባለቤቱ ሌላ ነው። ቃሉ ውስጥ አንድ «እሱ» ተደብቋል፤ እኛ ላይ ያደርጋል፣ ማን እንደሆነ ግን አይነገርም። «ጠበበኝ»ም እንዲሁ ነው። ፍርሃት ፊት ለፊቱ የቆመ ነገር አለው፤ ነገሩ ሲርቅ ይበርዳል። ጭንቀት የሚጠብቀው ገና ያልመጣውን ነው፤ ያልመጣ ነገር ደግሞ አልፎ አያልቅም።

ይህ «ገና አልታወቀም» የሚባለው ነገር ምን ያህል እንደሚከብድ ለንደን ውስጥ የሠሩ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ለክተውታል። 45 ፈቃደኞች በኮምፒውተር ላይ ከድንጋይ ሥር እባብ መኖር አለመኖሩን እንዲገምቱ ተደረገ። እባብ በወጣ ቁጥር እጃቸው ላይ የሚያም የኤሌክትሪክ ንዝረት ይለቀቅባቸዋል። በጣም የተጨነቁት መቼ ይመስላችኋል? ንዝረቱ በእርግጠኝነት እንደሚመጣ ሲያውቁ አይደለም። ይመጣም አይመጣም በሚባልበት፣ ዕድሉ እኩል በእኩል በሆነበት ጊዜ ነው። አለቃው «ነገ እቆጣሃለሁ» ብሎ ቢጽፍለት ኖሮ ያ ሰው ምናልባት ይቀልለው ነበር።

ከሌሊቱ 8 ሰዓት። ሰውየው ጣሪያው ላይ አፍጥጧል። «አታስበው» ይላል ለራሱ። ምክሩ ከሰውም ይመጣል፤ «ተወው፣ አታስበው» የማይል ዘመድ የለም። በቅንነት የሚሰጥ ምክር ነው፤ ግን አይሠራም። ዳንኤል ዌግነር የተባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1987 ሰዎችን ለ5 ደቂቃ ስለ ነጭ ድብ እንዳያስቡ፣ ካሰቡ ደወል እንዲመቱ አዘዛቸው። ደወሉ ዝም አላለም። በኋላ «አሁን ማሰብ ትችላላችሁ» ሲባሉ፣ ከመጀመሪያው ማሰብ ከተፈቀደላቸው ሰዎች የበለጠ አሰቡት። ሐሳብን ስናባርር መሄዱን ለማረጋገጥ ዞር ብለን እናያለን፤ ስናይ ደግሞ እዚያው አለ።

አሁን ዋናው ነገር ላይ ደርሰናል። ሰውየው ስልኩን አንሥቶ ለሥራ ባልደረባው ይጽፋል፦ «ስለ እኔ የሰማኸው ነገር አለ?» መልስ ይመጣል፦ «ኧረ ምንም የለም፣ ተኛ።» እፎይ! ትከሻው ይወርዳል። እፎይታው ግን ዐሥር ደቂቃ አይቆይም። «ባይሰማስ? ሰምቶ ቢደብቀኝስ?» መልእክቱን እንደገና ያነባል። ለሌላ ሰው ይጽፋል።

ጠዋት አለቃው የፈለገው የዓመት ፈቃዱን ቀን ሊጠይቀው ነበር። አንጎሉ ግን ከዚህ «አደጋ አልነበረም» የሚል ትምህርት አልቀሰመም። የቀሰመው «ሌሊቱን ያለፍኩት ስለጠየቅሁ ነው» የሚለውን ነው። ጭንቀትን የሚቀልበው ያቺ አጭር እፎይታ ናት። ደጋግሞ ማጣራት፣ «ደህና ነው አይደል?» እያሉ መጠየቅ፣ ከነገሩ መሸሽ፣ ሁሉም ለጊዜው ያሳርፋሉ፤ ስለሚያሳርፉም እንደገና እንፈልጋቸዋለን።

አሳንሰር የምትፈራ ሴት በደረጃ በወጣች ቁጥር ያው እፎይታ አለ፤ አሳንሰሩም በየቀኑ ይበልጥ ያስፈራል። በሥነ ልቦና ሕክምና የሚደረገው የዚህ ተቃራኒ ነው። መጀመሪያ በሩ ተከፍቶ ሳለ ገብታ ትቆማለች። መዳፏ በላብ ይረጥባል፤ አትወጣም። ሌላ ቀን አንድ ፎቅ። ከዚያ ሁለት። ልቧ እየመታ መቆየቷ ነው ቁም ነገሩ፤ ፍርሃቱ እስኪጠፋ ብትጠብቅ መቼም አትገባም። የቀድሞው ፍርሃት ከአንጎሏ አይፋቅም፤ አጠገቡ ግን «ገባሁ፣ ምንም አልሆንኩም» የሚል አዲስ ትውስታ ይተከላል።

ጭንቀቱ ከግማሽ ዓመት በላይ አብዛኛውን ቀን የሚውል፣ እንቅልፍና ሥራ የሚነሣ ከሆነ ግን ስሙ ሕመም ነው፤ ሕክምናም አለው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ዙሪያ 301 ሚሊዮን ሰዎች ከጭንቀት ሕመሞች ጋር ይኖሩ እንደነበር ገምቷል። እባካችሁ፣ እንዲህ ያለውን ሰው ደካማ ወይም እምነት የጎደለው አትበሉት። ሕክምና ሊጀምር የነበረ ሰው በዚህች ቃል ምክንያት ሊቀር ይችላል።

[ያው ክፍል። ያው ስልክ።]

ከወራት በኋላ ተመሳሳይ መልእክት መጣ። ልቡ ያው ድው ድው አለ። ትንፋሹን ወደ ውጭ ረዘም አድርጎ አስወጣ፤ ትንፋሽ ሲወጣ የልብ ምት ዝግ ይላል። ከዚያ ወረቀት አወጣ። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ቶማስ ቦርኮቬክና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1983 የሞከሩት ዘዴ ነው፦ በቀን ግማሽ ሰዓት፣ በተወሰነ ሰዓትና ቦታ፣ ለጭንቀት ብቻ ይመደባል፤ በሌላ ጊዜ የመጣው ሐሳብ «በሰዓትህ ና» ይባላል። ሰውየው የዕለቱ ግማሽ ሰዓት አልፎበት ነበር። «አለቃዬ ለምን ፈለገኝ?» ብሎ ጻፈና ከጎኑ «ነገ 11 ሰዓት ተኩል» ብሎ አሰፈረ። ስልኩን ሌላ ክፍል አስቀምጦ በሩን ዘጋ።

እንቅልፉ ቶሎ አልመጣም። ሁለት ጊዜ ተነሥቶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ስልኩ ግን ካስቀመጠበት ሳይነሣ ነጋ።