የእግር ጉዞው የሚያልቀው መቼ ነው? (የፖድካስት ውይይት)

ሜሪ፦ እሺ ሰላም ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። የዛሬው ርዕሳችን የበጎ አድራጎት የእግር ጉዞ ነው። እንዴት ይዘጋጃል? ሁሉንም ሰው ማሳተፍ የሚችለውስ እንዴት ነው? ብዙ ሰው በውስጥ መስመር ጠይቆናል።

ናቲ፦ ብዙ ሰው ማለት የአጎትሽ ልጅና ጓደኛዋ ናቸው።

ሜሪ፦ እነሱም ሰው ናቸው፣ ዝም በል። ቆይ ግን ከመጀመራችን በፊት፣ አድማጮች አታዩትም እንጂ ናቲ ዛሬ የታላቁን ሩጫ ቲሸርት ለብሶ ነው የመጣው።

ናቲ፦ ለርዕሱ ክብር ብዬ ነው እኮ።

ሜሪ፦ የስንት ዓመተ ምህረት ነው? ጽሑፉ ለቆ የለም እንዴ።

ናቲ፦ እኔ ምን አውቃለሁ። የሮጠበት ወንድሜ ነው።

ሜሪ፦ አላልኳችሁም! ሳይሮጥ ነው የለበሰው። እኔ እኮ ሁሌ የምለው ይሄንን ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ቀለም ቀቢው በእሱ ነው የሚሠራው፣ ጎሚስታው በእሱ፣ የእኛ ጥበቃ እንኳን ከካፖርቱ ሥር እሱን ነው የሚለብሰው። ሩጫው ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ ነው ያለው። ያኔ 10 ሺህ ሰው ነበር፣ አሁን ከ40 ሺህ በላይ ሆኗል። በየዓመቱ የሚታደለውን ቲሸርት አስበው እስቲ።

ናቲ፦ ከዚያ ውስጥ ግማሹ ፒጃማ ሆኗል።

ሜሪ፦ የአክስቴም ፒጃማ ሆኗል! የሷ የታላቁ ሩጫ አይደለም ግን። ይሄን ነገር ላውራው፣ ከርዕሱ ጋር ይገናኛል።

ናቲ፦ አሁን ርዕሱ ሄደ።

ሜሪ፦ ስማ እንጂ። ሰፈራችን ውስጥ ለኩላሊት እጥበት ገንዘብ ለማሰባሰብ ጉዞ ተዘጋጀ። አዘጋጆቹ እነማን እንደሆኑ አልናገርም፣ ልባቸው ጥሩ ነው። 5 ኪሎ ሜትር። አክስቴ ስድሳዎቹን ገብታለች፣ ጉልበቷም ያማታል፣ ግን እሄዳለሁ አለች። ለምን አትሄድም? ፖስተሩ ላይ «ሁላችሁም ተጋብዛችኋል» ነው የሚለው። ቲሸርት ስትጠይቅ የወንድ ኤክስ ኤል ብቻ ነው የቀረው ተባለች። ለበሰችው፣ ጉልበቷ ድረስ ደረሰ። በላዩ ላይ ነጠላዋን አጣፋች።

ናቲ፦ ፎቶውን አሳይተሽኛል። ቲሸርቱ ነው እሷን የለበሳት።

ሜሪ፦ በቃ እንደዛ። ጠዋት 1 ሰዓት ይጀመራል ተብሎ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ተጀመረ። ለምን ብትል የክብር እንግዳው አልመጡም። ከዚያ መጡና ንግግር አደረጉ። ቀጥሎ ደግሞ ስፖንሰሩ ንግግር አደረገ። አንድ ወንበር የለም! መድረኩ ላይ ላሉት ብቻ ነው ወንበር ያለው። አክስቴ ጉዞውን ሳትጀምረው ጉልበቷ አለቀ።

ናቲ፦ እሱ የሁላችንም በሽታ ነው፣ የጉዞው ብቻ አይደለም። ሠርግም ላይ እንደዛ ነው።

ሜሪ፦ ሠርግ ላይ ቁጭ ብለህ ነው የምትጠብቀው! ከዚያ መንገዱን ጀመሩት። አክስቴ፣ በዊልቸር የመጣ አንድ ሰውዬ፣ ሁለት ልጆች የያዘች እናት፣ እነዚህ ኋላ ቀሩ። መሀል ላይ ውሃ አለ ወደተባለበት ሲደርሱ ጠረጴዛው ተነስቷል። ትንሽ እንደሄዱ ትራፊክ ፖሊስ መንገዱን ከፈተው። ሚኒባሱ ከኋላ ክላክስ ያደርጋል፣ ረዳቱ «እማማ ወደ ዳር!» ይላታል። መጨረሻው ጋ ሲደርሱ ድንኳኑ እየፈረሰ ወንበር ይጫናል። አክስቴ ምን ብትል ጥሩ ነው? «ሠልስት ያለፈባት ለቀስተኛ መሰልኩ።»

ናቲ፦ (ይስቃል) አክስትሽ ፖድካስት መጀመር አለባት።

ሜሪ፦ እኔን የነደደኝ እኮ ድንኳኑ አይደለም። ሒሳቡ ነው። መንገድ የሚዘጋው ለስንት ሰዓት ነው? አንተ በደህና እግርህ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ትሄዳለህ እንበል፣ ስለዚህ በ1 ሰዓት ትጨርሳለህ። አክስቴ ግን በሰዓት 3 ኪሎ ሜትር ከሄደች ጥሩ ነው። ለእሷ 1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይፈጃል፣ ያውም ሳታርፍ። ከተማችን ከ2300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፣ ትንሽ ዳገት ካለ ደግሞ ማረፍ የግድ ነው። አዘጋጁ ሒሳቡን በአንተ እግር ሠርቶ ለትራፊክ ፖሊስ የአንድ ሰዓት ደብዳቤ ካስገባ፣ አክስቴን ገና ከቢሮው ሳይወጣ አስወጥቷታል።

ናቲ፦ እሺ፣ ግን ለአንድ ሰው ብለህ መንገድ ግማሽ ቀን አትዘጋም። ከተማው ይሠራል፣ አምቡላንስ አለ፣ ታክሲ ሠሪው እንጀራው ነው።

ሜሪ፦ መቼ ግማሽ ቀን አልኩ? አሳጥረው። 2 ኪሎ ሜትር አድርገው።

ናቲ፦ 2 ኪሎ ሜትር ጉዞ ነው እንዴ? እኔ ታክሲ ሳጣ ከዚያ በላይ እሄዳለሁ። ስፖንሰሩም ይስቅብሻል።

ሜሪ፦ ይሳቅ! ካልሆነ ደግሞ አጭር ዙር አድርገው። አንድ ኪሎ ሜትር የሆነ ዙር፣ የፈለገ አምስቴ ይዞራል፣ ያቃተው አንዴ ዞሮ ቁጭ ይላል። ውሃው አንድ ቦታ ነው፣ መጸዳጃው አንድ ቦታ፣ የመጀመሪያ እርዳታውም አንድ ቦታ። ኋላ የቀረ የሚባል ሰው አይኖርም፣ ሁሉም ተደባልቆ ነው የሚሄደው።

ናቲ፦ ዙር ይሰለቻል። ከመስቀል አደባባይ ተነስቶ የሆነ ቦታ መድረስ ደስ ይላል። ሰው መድረስ ይፈልጋል።

ሜሪ፦ አክስቴም መድረስ ትፈልግ ነበር እኮ።

ናቲ፦ እሺ፣ ለቤተሰብ ዙሩ፣ ለጎረምሳው ረጅሙ ይሁን።

ሜሪ፦ ለየብቻ ከሆነ ምኑን አብረን ሄድን? ... እሺ ይሁን፣ መነሻና መድረሻው አንድ ከሆነ ልስማማ እችል ይሆናል። ላስብበት።

ናቲ፦ ልስማማ እችል ይሆናል አለች። መዝግቡልኝ። እሺ፣ የዊልቸሩ ሰውዬስ? ደረሰ?

ሜሪ፦ ደርሷል፣ ግን ተሸክመውት ነው! መንገዱ መሀል ላይ በኮብልስቶን በኩል ያልፋል። የዊልቸር የፊት ጎማ ትንሽዬ ናት፣ ድንጋዩ መሀል ትሰነቀራለች። እንደምንም ቢያልፍ እንኳን ንዝረቱ ወገብ ይሰብራል። ከዚያ ደግሞ ክዳን የሌለው ቱቦ አለ። ልጆቹ ሮጠው መጥተው ከነወንበሩ አነሱት፣ ሰውም አጨበጨበ። እሱ ግን ፊቱ ላይ ደስታ አልነበረም። በራሱ ክንድ እየገፋ ለመሄድ ነው የመጣው፣ ሊሸከሙት አይደለም።

ናቲ፦ ማጨብጨቡ ያበሳጫል።

ሜሪ፦ ስለዚህ ፖስተር ከማሳተምህ በፊት ከአንድ ዊልቸር ተጠቃሚ ጋር መንገዱን ሄደህ እየው። በመኪና አይደለም፣ በስልክ ካርታም አይደለም። እሱ በአሥር ደቂቃ ውስጥ አንተ ዕድሜህን ሙሉ ያላየኸውን ጉድጓድ ያሳይሃል። መኪና የሚሄድበት አስፋልት ብዙ ጊዜ ከእግረኛ መንገዱ ይሻላል፣ ለዛ ነው መንገድ የማዘጋቱ ነገር ወሳኝ የሆነው።

ናቲ፦ ዓይነ ስውራንስ? እኔ አንዴ መንገድ ላይ አንድ ሰውዬ ላግዝ ብዬ እጁን ስጎትተው ተቆጣኝ።

ሜሪ፦ ይቆጣሃላ! አይጎተትም። ክንድህን ትሰጠዋለህ፣ እሱ ክርንህን ይይዛል፣ አንተ ግማሽ እርምጃ ትቀድማለህ። ዓይነ ስውሯን ሯጭ ያየሽ ጌቴን አላየሃትም? በፈረንጆቹ 2024 የፓሪስ ፓራሊምፒክ፣ 1500 ሜትር፣ ወርቅ።

ናቲ፦ አየሁ እንጂ! ከመሪዋ ጋር እጅ ለእጅ በገመድ ታስረው።

ሜሪ፦ አዎ። መሪው እንዳይጎትታት ሕግ አለ። መስመሩንም ከእሷ ቀድሞ ማለፍ አይችልም። ግን ደግሞ ትዕግሥት ገዛኸኝን እይ፣ ቶኪዮ ላይ የአገራችንን የመጀመሪያ የፓራሊምፒክ ወርቅ ያመጣችው ልጅ፣ በከፊል የምታይ ስለሆነች ብቻዋን ነው የምትሮጠው። ስለዚህ ማየት የተሳነው ሁሉ መሪ ይፈልጋል ማለት አይደለም። ምዝገባ ላይ አንድ ጥያቄ ጨምር፣ «ምን እንድናዘጋጅልዎ ይፈልጋሉ?» በቃ። ሰው ራሱ ይነግርሃል።

ናቲ፦ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚም ለክብር እንግዳው ንግግር ብቻ ነው የሚቆመው። «ውሃው በቀኝ ነው፣ መንገዱ ተቀይሯል» ሲባል አስተርጓሚዋ የለችም፣ ሻይ ልትጠጣ ሄዳ ነው።

ሜሪ፦ እሱን ደግሞ ከምን አመጣኸው፣ ደስ ሲል!

ናቲ፦ እኔም አንዳንዴ አስባለሁ።

ሜሪ፦ አንዳንዴ። እሺ ገንዘብ። መመዝገቢያ ይከፈል ወይስ አይከፈል?

ናቲ፦ ይከፈላል እንጂ! ገንዘብ ለማሰባሰብ አይደል እንዴ የወጣነው? ከፍሎ ቲሸርቱን ይወስዳል።

ሜሪ፦ የሌለውስ? ቤት ሠራተኛዋስ? ሊስትሮውስ? ቲሸርት የለበሰና ያልለበሰ ሆነን ልንሄድ ነው?

ናቲ፦ ቲሸርት የሌለበት ጉዞ ማን ያየዋል? ፎቶው ራሱ አያምርም።

ሜሪ፦ ነጭ ልበሱ በል! ነጭ የሌለው ሰው የለም። ነጠላ አለ፣ ጋቢ አለ፣ ነጭ ሸሚዝ አለ። የቲሸርቱን ማሳተሚያ ለታማሚዎቹ ስጠው። መመዝገቢያው ነጻ ይሁን፣ ያለው በቴሌብር የፈለገውን ያዋጣ።

ናቲ፦ ስፖንሰሩ ስሙን የት ሊጽፍ ነው? በጋቢ ላይ?

ሜሪ፦ ባነር ላይ ይጻፍ። ውሃው ላይ ይለጥፍ።

ናቲ፦ አይሆንም እያልኩሽ ነው። ስፖንሰር የሚከፍለው ለቲሸርቱ ነው። ሰው አምስት ዓመት ይለብሰዋል፣ ነፃ ማስታወቂያ ነው። ይኸው እኔ!

ሜሪ፦ ያንተማ ጽሑፉ ለቋል፣ ማንን እንደምታስተዋውቅ አይታወቅም። እሺ በቃ፣ ቲሸርት ይኑር፣ ግን የሴትም የልጅም ልክ ይኑረው፣ ያልገዛም እኩል ይግባ። አንድ ነገር ግን፣ የገንዘቡ አካውንት በግለሰብ ስም እንዳይሆን። በድርጅቱ ስም ይሁን። ሲያልቅም ይሄን ያህል ገባ፣ ይሄን ያህል ለድንኳንና ለድምፅ ማጉያ ወጣ፣ ይሄ ለታማሚዎች ደረሰ ብለው ይንገሩን። ሰው በሚቀጥለው ዓመት የሚመጣው እሱን ሲያይ ነው።

ናቲ፦ በዚህ ተስማምተናል፣ ቀጥይ። ቀኑ መቼ ይሁን? እኔ ቅዳሜ ነው የምለው። እሁድ ቅዳሴ አለ፣ እናቴ አትመጣም።

ሜሪ፦ ቅዳሜ የሚሠራ ሰው አለ፣ ነጋዴው አይመጣም። ቅዳሜን የሚያከብሩ አድቬንቲስቶችም አሉ። እሁድ መንገዱም ጭር ያለ ነው። ከቅዳሴ በኋላ 4 ሰዓት ላይ ይሁን።

ናቲ፦ 4 ሰዓት ፀሐዩ ያቃጥላል! አክስትሽን በፀሐይ ልትገያት ነው?

ሜሪ፦ ... እሱስ እውነት ነው።

ናቲ፦ አየሽ?

ሜሪ፦ ረመዳንም ይታይ። ጾም ላይ ያለ ሰው ውሃ ሳይጠጣ ልታስኬደው አትችልም፣ ያን ወር ዝለለው። ከህዳር 15 በኋላ ከሆነ ደግሞ የነቢያት ጾም ነው፣ ብስኩቱ ወተት እንዳይኖርበት። ሙዝና ቆሎ ያዝ፣ ከሙዝና ከቆሎ ጋር የተጣላ ሃይማኖት የለም።

ናቲ፦ ቆሎ እየበሉ መሄድ ያንቃል።

ሜሪ፦ ሲደርሱ ይበሉታ! እሺ ሰዓታችን አልቋል መሰለኝ። በወረቀቱ ላይ የጻፍኩት ሌላ ምን ነበር... ፈቃድ፣ አምቡላንስ፣ መጸዳጃ። መጸዳጃ! እሱን እንዴት እረሳለሁ። በመንገዱ ላይ ያሉ ካፌዎችን ቀድማችሁ አነጋግሩ፣ ደረጃ የሌለውን ምረጡ። እና ከሁሉም ኋላ የሚሄድ አንድ በጎ ፈቃደኛ ይኑር፣ ደማቅ ሰደርያ የለበሰ፣ ስልክ የያዘ። እሱ ሳያልፍ ውሃ አይነሳም፣ መንገድ አይከፈትም፣ ድንኳን አይነቀልም። ለትራፊክ ፖሊሱም ቀድሞ ይነገረው።

ናቲ፦ እሱን እኔ እሠራዋለሁ። በዝግታ መሄድ ተሰጥኦዬ ነው።

ሜሪ፦ አንተማ ከመንገድ ማኪያቶ ልትጠጣ ትገባለህ፣ ጉዞው እስከ ማታ አያልቅም። በሉ እናንተ ደግሞ ቅዳሜ ወይስ እሁድ የሚለውን በውስጥ መስመር ጻፉልን፣ እኛ አልተስማማንም።

ናቲ፦ ቅዳሜ ብላችሁ ጻፉ።

ሜሪ፦ ቻው በላቸው።

ናቲ፦ ቅዳሜ! ቻው።