ሰልፍ የሌለበት ምርጫ

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ስለ አንድ የሸክላ ሳህን ብቻዬን ላወራችሁ ነው።

ሳህኑ ሰማያዊና ነጭ ነው። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 4 ቀን 2018 ሪችመንድ ከተማ ላይ ሁለት ስሞች ገቡበት፤ እያንዳንዳቸው በድሮ የፎቶ ፊልም መያዣ ውስጥ ተደርገው። ከዚያ አንዱ ወጣ። እቁብ የጣለ ሰው አሠራሩን ያውቀዋል። በዚያ ዕጣ የወጣው ግን ገንዘብ ሳይሆን የአሜሪካዋ የቨርጂኒያ ግዛት የተወካዮች ምክር ቤት ወንበር ነበር።

ነገሩ የሆነው በ94ኛው የምርጫ ወረዳ፣ ኒውፖርት ኒውስ ውስጥ ነው። በኖቬምበር 2017 ሪፐብሊካኑ ዴቪድ ያንሲ በ10 ድምፅ መሩ። ድጋሚ ሲቆጠር ዴሞክራቷ ሼሊ ሲመንድስ በአንድ ድምፅ በለጡ። በማግስቱ ዳኞች አንዲት የድምፅ መስጫ ወረቀት አነሱ። መራጩ ከሁለቱም ስም ጎን ያለውን ክብ አጥቁሮ በሲመንድስ ክብ ላይ ጭረት ጨምሮበታል። ለያንሲ ትቆጠር ተባለ፤ 11,608 ለ11,608። ዕጣው ለያንሲ ወጣ፤ ፓርቲያቸውም ምክር ቤቱን 51 ለ49 ይዞ ቀጠለ።

እኔ ያን ኖቬምበር የት ነበርኩ? መኪናዬ ውስጥ፤ ከአየር ማረፊያ ሰው ሳመላልስ። አልመረጥኩም። የምኖረው እዚያው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ ስለሆነ ድምፄ ለኒውፖርት ኒውስ የሚፈይደው አልነበረም፤ መንገዱም ሦስት ሰዓት ነው። ይህን ብዬ ራሴን ለማጽናናት ሞክሬ ነበር። ግን እዚያም እንደ እኔ ያለ ሰው መኖሩ አይቀርም፤ «የፕሬዚዳንት ምርጫ አይደል» ብሎ ሥራውን የቀጠለ። እኔ በዋዜማው ዓመት ለፕሬዚዳንቱ ምርጫ ሸሚዜን ተኩሼ ነው የወጣሁት።

ለምን እንደዚህ እንደሆንኩ ሳስብ አዲስ አበባ ትዝ ትለኛለች። ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ሌሊት ተነስቼ ነው የተሰለፍኩት። ሰልፉ ጫፉ አይታይም ነበር፤ አሮጊቶች በርጩማ ይዘው መጥተዋል። ከዚያ በኋላ የመጣውን ታውቁታላችሁ፤ ዛሬ አልገባበትም። ያ ቀን ግን በልቤ ውስጥ ምርጫ ማለት ሰልፍ እንዲሆን አደረገው። ሰልፍ ከሌለ ምርጫም ያለ አይመስለኝም ነበር።

ቨርጂኒያ ደግሞ በየዓመቱ ታስመርጣለች። ገዥውም፣ መቶዎቹ የምክር ቤት አባላትም የሚመረጡት በጎዶሎ ቁጥር ዓመት ነው። ያደክማል፤ አልክድም። ግን እኔ በተውኩት በ2017ቱ ምርጫ ዴሞክራቶች ከ34 ወንበር ወደ 49 ከፍ አሉ። በቀጣዩ ሜይ ለዓመታት ሲወድቅ የኖረው የሜዲኬይድ፣ ማለትም ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች መንግሥት የሚሸፍነው የጤና ኢንሹራንስ ማስፋፊያ ከሪፐብሊካኖችም ድጋፍ አግኝቶ አለፈ። ከጃንዋሪ 2019 ጀምሮ አብረውኝ የሚነዱ፣ የጤና ኢንሹራንስ ያልነበራቸው ልጆች የሜዲኬይድ ካርድ ማውጣት ጀመሩ። አንዱ ጥርሱን ይዞ ሁለት ዓመት የቆየ ሰው ነው። «ማን አመጣልን?» ብሎ ጠየቀኝ። የምመልሰው ጠፋኝ።

ከዚያ ወዲህ አልቀረሁም፤ የጁኑን የፓርቲ ዕጩዎች ምርጫ ጨምሮ። ባለፈው ጊዜ ቀትር ላይ ነው የሄድኩት። የትምህርት ቤት አዳራሽ ነው፤ የቅርጫት ኳስ መስመር የተሰመረበት። ሰልፍ የለም። አንዲት አረጋዊት መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ስሜንና አድራሻዬን ጠየቁኝ፤ እዚህ ስም ጮክ ተብሎ ይደገማል። ሦስት ጊዜ ሞከሩ። በሦስተኛው «ተቃርበዋል፣ እናቴ» አልኳቸው፤ በአማርኛ። ሳቁ፤ ምን እንዳልኩ ግን አልገባቸውም።

ክቦቹን አጠቆርኩ፤ ያቺን ጭረት እያሰብኩ ትንሽ ተጠነቀቅሁ። ወረቀቱን ማሽኑ ሲውጠው ቁጥሩ ተቀየረ። ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ በተከፈተ ጣቢያ፣ የእኔ 63ኛው ነበር።