ከአጥሩ ውጭ ያለው ግንብ

የተከበራችሁ አባቶቼና እናቶቼ፣ የሰፈራችን ልጆች፣ ግንበኞቻችን፣ እንኳን ወደ እናቴ ግቢ በደህና መጣችሁ።

የምናገረው ከጀርባዬ ስላለው ቤት ነው። ብዙዎቻችሁ በልጅነታችሁ ደረጃው ላይ ተጫውታችኋል። አያቴ ያሠሩት ጣሊያን ከወጣ በኋላ ነው። ጣሊያን እዚሁ ጎንደር ላይ እጁን የሰጠው በኅዳር 1934 ዓ.ም. ነው። አያቴ ፒያሳ ላይ ሲሚንቶ ሲቦካ አይተዋል። ቤታቸውን ግን በድንጋይና በኖራ አሠሩ። የመስኮቶቹን ቅስት ብቻ በቀይ ጡብ አስደረጉት።

ለምን ጡብ? ቁስቋም ውጡና የእቴጌ ምንትዋብን ግንብ እዩ። ቀይ ድንጋይ በመስቀል ቅርጽ ተጠርቦ ግድግዳው ላይ አለ። አያቴ እንዲያ ያለ ድንጋይ የሚያስጠርቡበት ገንዘብ አልነበራቸውም። ጡብ ገዙ። እኔ ያንን ቅስት ባየሁ ቁጥር ልቤ ይሞላል።

ታች ምድር ቤቱ ነው፤ በቅሎዋና ጎተራው እዚያ ነበሩ። ላይ ደርቡ ነው፣ በውጭ ደረጃ ይወጣል፤ እንግዳ የሚቀበሉት እዚያ ነበር። የወለሉ ተሸካሚ ጥድ ነው፣ ምስጥ አይደፍረውም። በሩ ዋንዛ ነው። ግድግዳው ከክንድ በላይ ይወፍራል፦ በሁለቱም ፊት ድንጋይ፣ መሐሉ ኮረትና ጭቃ። ቀን የፀሐይ ሙቀት ይጠጣና ማታ ቀስ ብሎ ይለቀዋል። ጥር ላይ ብርዱ ሲብስ እናቴ «ደርብ እንውጣ» ትለን የነበረው ለዚህ ነው።

ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ግን እኛ ልጆቹ ጥፋት ሠራን። ኖራው መርገፍ ሲጀምር ግድግዳውን በሲሚንቶ አስለሰንነው። አማረ፣ ደስ አለን። ሁለት ክረምት ሲያልፍ የምድር ቤቱ ግድግዳ አላበው። ነጭ ጨው ወጣበት። ልስኑ እንደ ሰፌድ እየሰፋ ተገንጥሎ ወደቀ፤ ሲወድቅም የጡቡንና የድንጋዩን ፊት ይዞ ነው። እናቴ የአባቷን ቤት እንደዚያ ሆኖ ስታይ ዝም አለች። ያ ዝምታ እስከ ዛሬ ያመኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንዲህ ያለ ግድግዳ ከመሬት እርጥበት ይስባል፣ ዝናብም ይገባዋል። ኖራ ያንን እርጥበት ወደ ውጭ ያስተነፍሰዋል። ሲሚንቶ ይደፍነዋል። መውጫ ያጣው ውሃ ከነጨው እዚያው ይቀርና ድንጋዩን ይበላዋል። ለአዲስ ብሎኬት ቤት ሲሚንቶ ደግ ነው፤ ለዚህ ዓይነቱ ቤት ግን ጠላት ነው።

ስህተቱ በእኛ አልተጀመረም። ጣሊያን በወረራው ዘመን የነገሥታቱን ግቢ፣ የፋሲል ግቢን፣ በሲሚንቶና በአርማታ ጠጋግኖት ነበር። በኋላ የመጡ ባለሙያዎች ያንን እያነሱ በኖራ ተኩት።

ያ ግቢ ከ1972 ዓ.ም. ጀምሮ በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። 900 ሜትር በሚረዝመው አጥር ውስጥ ያለው ጠባቂ አለው። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ከአጥሩ ውጭ ያለው ነው። ዐፄ ፋሲል ከተማዋን ከቆረቆሩ ወዲህ የግንበኛ ሞያ ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ ኖሯል። የቤተ እስራኤል ግንበኞች እጅ በዚህ ውስጥ ትልቅ ነው። ያ ሞያ ለነገሥታት ብቻ አልሠራም፣ የእናንተንም ቤት ሠርቷል። በልጅነቴ የማውቃቸው ሦስት ደርብ ቤቶች ግን ከዚችው መንገድ ላይ ዛሬ የሉም።

ስለዚህ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ቤታችሁ ቢሰነጠቅ ሲሚንቶ ከመግዛታችሁ በፊት ሽማግሌ ግንበኞቻችንን አማክሩ። ኖራ ትዕግሥት ይፈልጋል። የተቃጠለው ኖራ ውሃ ሲነካው ይፈላል። ከዚያ ጉድጓድ ውስጥ ይከርማል፣ በቆየ ቁጥር ይለሰልሳል። የእኛው ጉድጓድ ይኸው ከጓሮ ነው፤ ከርሟል፣ ደርሷል።

ቅዳሜ ጠዋት የምድር ቤቱን ግድግዳ እንለስናለን። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ኑ፣ መለሰኛውን ይያዙት፣ ይሞክሩት። ብቻ ዓይናቸውንና ቆዳቸውን ጠብቁላቸው፣ ኖራ ክፉኛ ያቃጥላል። ቡናውን እናቴ ታፈላለች፤ ይኸው ከፊት ተቀምጣለች፣ ጠይቋት።

አመሰግናለሁ።