ሁለቱን ጎን ሳታወዳድሩ አትለፉ

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ በድንገተኛ ክፍል የምታገለግሉ ነርሶችና ሐኪሞች፣ ውድ ተማሪዎች፤

እንደምን ዋላችሁ። ዛሬ የምናገረው ስለ ሳንባ መኮማተር ነው፤ በሙያችን ኒሞቶራክስ ስለምንለው። በጊዜ የተደረሰበት ታማሚ አብዛኛውን ጊዜ ድኖ ወደ ቤቱ ይገባል፤ ያልተደረሰበት ግን በደቂቃዎች ውስጥ ሊያመልጠን ይችላል። ስለዚህ ስለ ምርመራው አጥብቄ ልናገር እወዳለሁ።

ሳንባ በተፈጥሮው ወደ ውስጥ መሰብሰብ ይፈልጋል፤ የደረት ግድግዳ ደግሞ ወደ ውጭ ይስባል። ሁለቱ ተጣብቀው የሚኖሩት በስስ ሽፋኖቻቸው መካከል ያለው ግፊት ከውጭው አየር ያነሰ ስለሆነ ነው። በዚያ ክፍተት አየር ሲገባ መያዣው ይላላል፤ ሳንባውም ይኮማተራል። አየሩ በስለት ቁስል ወይም በተሰበረ የጎድን አጥንት ሰበብ ሊገባ ይችላል። ሲጋራ ያበላሸው ወይም ሳንባ ነቀርሳ የጎዳው ሳንባም ሊያፈስ ይችላል። አንገት ሥር ወዳለው ትልቅ የደም ሥር ቱቦ ስናስገባ እኛው ራሳችን ሰበብ የምንሆንበት ጊዜም አለ።

እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ግን ምንም ሳይነካው የሚታመመው ወጣት ነው። ብዙ ጊዜ ወንድ፣ ረጅምና ቀጭን፣ ሲጋራ የሚያጨስ ነው። በሳንባው ጫፍ ያለች ትንሽ የአየር ከረጢት ትፈነዳለች፤ ቁጭ ባለበት አንድ ጎኑን ውጋት ይቀስፈዋል፣ ትንፋሽም ያጥረዋል። ውጋቱ አየሩ ሳይወጣ እንኳ በአንድ ቀን ውስጥ ጋብ ሊል ይችላል። እዚህ ላይ ነው የምንታለለው። «ጡንቻ ነው» ተብሎ የሕመም ማስታገሻ ይዞ ይሄዳል፤ ደረቱን የነካው ሰው ግን የለም።

እባካችሁ ልብሱን አስወልቁ። ከፊቱ ቆማችሁ ሲተነፍስ ሁለቱ ጎኖች እኩል ይነሡ እንደሆነ ተመልከቱ። ከዚያ ከአጥንተ ብርት፣ ማለትም ከአንገት ሥር ካለው አግድም አጥንት፣ በታች በጣታችሁ መታ መታ አድርጉ፤ ቀኙን፣ ወዲያው ደግሞ ግራውን። አየር የሞላበት ጎን እንደ ከበሮ ያስተጋባል። በዚያው ቦታ ማዳመጫችሁን ስታሳርፉ የትንፋሹ ድምፅ ደክሟል ወይም ጠፍቷል። የምርመራው ፍሬ የሁለቱ ምልክቶች መገጣጠም ነው። ድምፁ ጠፍቶ ምቱ የታፈነ ከሆነ ሐሳባችሁን ወደ ፈሳሽ ወይም ወደ ተዘጋ የአየር ቧንቧ አዙሩ። አንዱን ጎን ብቻ ያዳመጠ ሰው ምንም አላዳመጠም እላለሁ፤ ማወዳደሪያው ያው የታማሚው ሌላ ጎን ነውና። ፈረንሳዊው ሐኪም ላኤኔክ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1819 የዚህን ሕመም ምልክቶች ሲገልጽ ራጅ አልነበረም፤ ራጅ የተገኘው በ1895 ነው። ጆሮና ጣት በቂ መነሻ ነበሩ፤ ዛሬም ናቸው።

ራጅ የሚነሣው ታማሚው ቆሞ ወይም ተቀምጦ ቢሆን ይመረጣል። የምትፈልጉት የሳንባውን ጠርዝ የምታሳይ ቀጭን ነጭ መስመር ነው፤ ከእርስዋ ወዲያ የደም ሥሮች ጥላ አይታይም። የቆዳ እጥፋት ይህን መስመር ሊመስል ስለሚችል መስመሩን እስከ መጨረሻው ተከተሉት። በጀርባው የተኛ ታማሚ ላይ አየሩ ወደ ፊትና ወደ ታች ስለሚሸሽ ራጁ ንጹሕ ሊመስል ይችላል። ለእንዲህ ያለው አልትራሳውንድ ይሻላል፤ ጤነኛ ሳንባ ከደረት ግድግዳው ሥር ሲንሸራተት ይታያል፣ አየር በመካከል ከገባ ግን መንሸራተቱ አይታይም። መንሸራተቱ በሌላ ምክንያትም ሊጠፋ ስለሚችል ብቻውን አትመኑት። ጥርጣሬው ካልጠራ፣ በተለይ በቆየ የሳንባ በሽታ ትልቅ የአየር ቋት ላበጀ ሰው፣ ሲቲ ስካን ይለየዋል። በዚያ ቋት ውስጥ የአየር ማስወጫ ቱቦ መክተት ከባድ ጉዳት ያመጣል።

አሁን የማልደራደርበትን ልናገር። የሚገባው አየር መውጫ ሲያጣ ግፊቱ ልብንና ትልልቅ የደም ሥሮችን ይጫናል። ታማሚው ይጨነቃል፣ የልቡ ምት ይፈጥናል፣ የደም ግፊቱ ይወርዳል፤ የአንገቱ ደም ሥሮች ሊወጠሩ ይችላሉ። የትንፋሽ ቧንቧው ወደ ሌላው ጎን እስኪያዘነብል አትጠብቁ፤ ያ ምልክት ዘግይቶ ነው የሚመጣው፣ ጭራሽ ላይመጣም ይችላል። እንዲህ ያለ ታማሚ ወደ ራጅ ክፍል አይላክም። አየሩ በመርፌ እንዲወጣ ይደረጋል፣ ቱቦም ይከተላል። በትንፋሽ መርጃ ማሽን ላይ ያለ ሰው ኦክስጅኑ በድንገት ወርዶ የማሽኑ ግፊት ከጨመረም መጀመሪያ ሁለቱን ጎን አዳምጡ።

በሌላ በኩል የተኮማተረ ሳንባ ሁሉ ቱቦ አይሻም። በአውስትራሊያና በኒውዚላንድ ተካሂዶ በ2020 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ያለ ሌላ የሳንባ በሽታ በድንገት የታመሙና የተረጋጉ ብዙ ታማሚዎች ያለ ቱቦ በክትትል ብቻ ድነዋል። ውሳኔው በራጁ ላይ ካለው ስፋት ይልቅ በታማሚው ሁኔታ ላይ ይመሠረት።

ስታሰናብቱትም ቁጭ ብላችሁ አነጋግሩት። ሕመሙ ሊመለስ እንደሚችል፣ ሲጋራ ማቆም እንዳለበት፣ አየሩ ሙሉ በሙሉ መጥፋቱ በራጅ ሳይረጋገጥ አውሮፕላን እንዳይሳፈር ንገሩት። በመተንፈሻ መሣሪያ ወደ ጥልቅ ውኃ መጥለቅ ደግሞ በቀዶ ሕክምና ካልተስተካከለ በቀር ለዘለቄታው ይቅርበት። ውጋቱ ከተመለሰ በዚያው ሰዓት ይምጣ።

አመሰግናለሁ።