ከአጠገቧ ተቀምጠን እንጀምር

የተከበራችሁ መምህራን፣ የሶፍትዌር ባለሙያዎች፣ ተማሪዎችና ወላጆች፤ እንደምን አመሻችሁ።

ከሥራ ውላችሁ፣ በዚህ የታክሲ ሰልፍ ሰዓት አራት ኪሎ ድረስ መጥታችሁ በአብርሆት ቤተ መጻሕፍት ስለተገኛችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ለማታ ተማሪዎች የሚሆን አዲስ የበይነ መረብ የትምህርት መድረክ ለመሥራት ተነሥተናል። እስካሁን አንድም መስመር ኮድ አልጻፍንም። ያልጻፍንበትን ምክንያት ላስረዳ።

ባለፈው ወር ፒያሳ አካባቢ በአንድ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር የምትሠራ የማታ ተማሪ ፈቅዳልኝ ከባንኮኒው ጀርባ አጠገቧ ተቀመጥኩ። የምትማረው የሒሳብ መዝገብ አያያዝ ነው። የተላከላትን የ20 ደቂቃ ቪዲዮ ከፈተች። ደንበኛ መጣ፤ አቆመችው። እስክሪብቶ ሸጣ፣ መልስ ቆጥራ ስትመለስ ቪዲዮው ከመጀመሪያው ተነሣ። የቆመችበትን ቦታ በጣቷ እየጎተተች ፈለገች። እንዳገኘችው ሌላ ደንበኛ መጣ። በሦስተኛው ስልኩን ገልብጣ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችና ደብተሯን አወጣች። ገጹን መሐል ለመሐል አስምራ፣ ዴቢቱን በሰማያዊ ክሬዲቱን በቀይ ጽፋዋለች፤ ድምሩ ያልገጠመላት ቦታ ላይ ትንሽ የጥያቄ ምልክት አለ። ያንን ምልክት የሚያይላት ሰው አልነበረም።

ቤቴ ገብቼ ሒሳቡን ሠራሁት። አንድ ቪዲዮ በሴኮንድ 1 ሜጋቢት የሚፈጅ ከሆነ፣ ስምንት ቢት አንድ ባይት ነውና፣ 20 ደቂቃው 150 ሜጋባይት ይበላል። ከመጀመሪያው በተነሣ ቁጥር የኢንተርኔት ጥቅሏ እየተሸረፈ ነው። ድምፁን ብቻ በሴኮንድ በ32 ኪሎቢት ብንልክላት ግን ያው 20 ደቂቃ 5 ሜጋባይት አይሞላም። ለሒሳብ መዝገብ ደግሞ የመምህሩ ፊት የግድ አያስፈልግም፤ ጥርት ያለ ድምፅና የሰንጠረዡ ሥዕል ይበቃል። ስለዚህ ትምህርቱ በአራትና በአምስት ደቂቃ ይከፋፈላል፤ አንዴ ከወረደ ያለ ኔትወርክ ይሠራል፤ የቆመበትንም ቦታ አይረሳም። ደንበኛ በመጣና በሄደ መካከል አንድ ክፍል ማለቅ አለበት።

በ1990ዎቹ መጨረሻ ሁለተኛ ደረጃ የተማርን ሰዎች ፕላዝማን፣ ያንን በክፍሉ ቴሌቪዥን የሚተላለፍ ትምህርት፣ አንረሳውም። 30 ደቂቃ ያህል በእንግሊዝኛ ይወርዳል፤ ማቆም የለ፣ መመለስ የለ። «ጥያቄውን ሥሩ» ይልና እርሳሳችንን ሳናነሣ መልሱ ይመጣል። የእኛ የሒሳብ መምህር ብርቱ ሰው ነበሩ፤ ጥግ ላይ ቆመው እንደ እኛው ስክሪኑን ሲያዩ ዛሬም በዓይኔ ይመጣብኛል። ያልገባንን ከፊታችን ያነቡ ነበር፤ ማስቆም ግን አይችሉም። እንዲህ ያለ ነገር በእኔ እጅ እንዲደገም አልፈልግም። በዚህ መድረክ መምህሩ የትምህርቱን ቅደም ተከተል ይቀይራል፣ ጥያቄ ይጨምራል፣ ያልሠራውን ክፍል አውጥቶ በራሱ ድምፅ ይተካል። ተማሪዋም የደብተሯን ገጽ ፎቶ አንሥታ ትልካለች፤ ያ የጥያቄ ምልክት መምህሩ ዘንድ ይደርሳል።

ዋናውን ሶፍትዌር ከባዶ አንጽፍም። አውስትራሊያዊው ማርቲን ዱጂያማስ የጀመረው ሙድል እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ በነፃ የሚገኝ፣ ኮዱ ክፍት የሆነ የበይነ መረብ ትምህርት ማስተዳደሪያ ሥርዓት ነው፤ በስልክ መተግበሪያውም ትምህርትን አውርዶ ያለ ግንኙነት መከታተል ይቻላል። ኢንተርኔት ለሌለው ክፍል ደግሞ ኮሊብሪ የሚባል የትምህርት ሶፍትዌር አለ፤ በአንድ አነስተኛ ኮምፒውተር ላይ ተጭኖ በዙሪያው ላሉ ስልኮች ያዳርሳል። ሌሎች ዓመታት የደከሙበትን ወስደን የእኛን ድካም ለእኛው ችግር እናውለው።

የእኛው ችግር ምን ይመስላል? ሁለት ልጥቀስ። «ሥነ ሕይወት» የሚለውን ቃል አስቡት። በሁለት ሰ፣ በሦስት ሀ ስንጽፈው ስድስት ዓይነት ይሆናል። ለሰው ስድስቱም አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ስድስት የተለያዩ ቃላት ናቸው። በሌላኛው ፊደል የፈለገ ተማሪ «አልተገኘም» ይባልና ትምህርቱ የለም ብሎ ይሄዳል። የፍለጋው ክፍል ሞክሼ ፊደላትን እንደ አንድ እንዲያይ ማድረግ ለባለሙያ ከባድ ሥራ አይደለም፤ ከመጀመሪያው ካልታሰበበት ግን ማንም አያስታውሰውም።

ሁለተኛው ሰዓት ነው። ከውጭ የመጣ ሶፍትዌር ፈተናው 12:00 ላይ ይዘጋል ብሎ ሲጽፍ እኩለ ቀን ማለቱ ነው። ተማሪዋ የምታነበው አሥራ ሁለት ሰዓት ብላ ነው። ከሥራ ስትወጣ፣ ሊመሽ ሲል ትከፍተዋለች፤ ፈተናው ከተዘጋ ስድስት ሰዓት ሆኖታል። ስንት ሴሚስተር በእንዲህ ያለ ነገር ይበላሻል! «ከምሽቱ 12 ሰዓት» ብለን በቃል እንጻፈው፤ ጳጉሜንም የሚያውቅ የቀን መቁጠሪያ እንግጠምለት።

ስለ አርማና ስለ ቀለም ዛሬ አላነሣም፤ ይደርሳል።

የምንጀምረው በአንድ ኮርስ፣ በ30 ተማሪዎች ነው። መምህራን፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። መውጫው በር አጠገብ አንድ መዝገብ አለ። ተማሪዎቻችሁ በየዓመቱ የሚሰናከሉበትን አንድ ርእስ፣ አንድ ብቻ፣ ጻፉልን፤ የመጀመሪያዎቹን ትምህርቶች ከዚያ እንመርጣለን። የሶፍትዌር ባለሙያዎች፣ ኮድ ከመጻፋችሁ በፊት እያንዳንዳችሁ ከአንድ የማታ ተማሪ አጠገብ አንድ ሰዓት ትቀመጣላችሁ፤ ሥራው በዚያ ይጀመራል።

ያቺ የመደብሩ ተማሪ ዛሬ ከኋላ መደዳ ተቀምጣለች። የመጀመሪያውን ትምህርት ስንጨርስ ቀድማ የምትሞክረው እርሷ ናት፤ ባንኮኒው ጀርባ ሆና፣ ደንበኛ እየመጣባት። ያልሠራላትን ትነግረናለች፤ እኛም እናስተካክላለን።

አመሰግናለሁ።