የሟች ቤተሰብ የሚያውቀው

ጤና ይስጥልኝ እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህት ወንድሞቼ። በዕረፍት ቀናችሁ ስለመጣችሁ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

እኔ እዚሁ ሜሪላንድ በሌሊት ፈረቃ የምሠራ የላብራቶሪ ባለሙያ ነኝ። አንዳንድ ሌሊት በበረዶ ሣጥን ደም ይመጣልኛል። ክዳናቸው ሐምራዊ የሆነ ትንንሽ ቱቦዎች ናቸው፤ ቁጥር እንጂ ስም የለባቸውም። የአንጎሉ ሞት የተረጋገጠ፣ ልቡ ግን በመተንፈሻ ማሽን እርዳታ ገና የሚመታ ሰው ደም ነው። ኩላሊቱን፣ ጉበቱን፣ ልቡን የሚጠብቁ በሽተኞች አሉ። ከሰውነት የወጣ ልብ የሚቆየው ከ4 እስከ 6 ሰዓት ነው። ስለዚህ «ነገ እናየዋለን» የሚባል ነገር የለም።

አካሉ ለሌላ ሰው ከመሰጠቱ በፊት በደሙ ውስጥ በዋናነት የምንፈልገው ኤችአይቪንና ጉበት የሚጎዱትን ቫይረሶች፣ ሄፓታይተስ ቢንና ሲን ነው። ድሮ የሚታየው አንቲቦዲ ነበር፤ ሰውነት ቫይረሱን ለመዋጋት የሚሠራው ማለት ነው። እሱ ደግሞ ቶሎ አይወጣም። ለኤችአይቪ 3 ሳምንት ገደማ ይፈልጋል፤ ለሄፓታይተስ ሲ ከ2 ወር ሊያልፍ ይችላል። በ2007 ቺካጎ ላይ የተሰማው ጉድ ከዚህ የመጣ ነው። የለጋሹ ውጤት ኔጌቲቭ ነበር። አካሉን የተቀበሉት 4 ሰዎች ግን ኤችአይቪም ሄፓታይተስ ሲም ያዛቸው።

ዛሬ ቫይረሱን ራሱን በዘረ መሉ የሚያገኝ ምርመራ አለን። ቫይረሱ ገብቶ ሳይታይ የሚቆይበት ጊዜ ለኤችአይቪና ለሄፓታይተስ ሲ ወደ አንድ ሳምንት ገደማ ወርዷል። ትልቅ ነገር ነው። ግን ከትናንት ወዲያ የገባ ቫይረስ አሁንም ማሽኔን ሊያመልጠው ይችላል። ቤተሰብ ስለ ሟች ኑሮ የሚጠየቀው ለዚህ ነው።

በ2004 ቴክሳስ ውስጥ ከአንድ ለጋሽ አካልና የደም ሥር የተቀበሉ 4 ሰዎች በእብድ ውሻ በሽታ ሞቱ። በመደበኛነት የሚመረመር በሽታ አይደለም። ሰውየው የሌሊት ወፍ እንደነከሰው ለጓደኞቹ ነግሮ ኖሯል። የታወቀው ግን ኋላ ነው።

እኛ ሟች ላይ ክፉ አናወራም። እኔም ያደግኩት እንደዚያ ነው። የአክስቴ ልጅ በመኪና አደጋ የሞተ ጊዜ ጥያቄው ወደ እኛ መጣ። የአካል ልገሳ አስተባባሪዋ በአስተርጓሚ ትጠይቃለች። በመርፌ ዕፅ ይወስድ ነበር? ሰሞኑን ታስሮ ነበር? አክስቴ የነጠላዋን ጫፍ ጨብጣ «ልጄ ንጹሕ ነው» አለች። እኔ ግን አውቃለሁ። በዚያው ወር 5 ቀን ታስሮ ነበር፤ «ለእማዬ እንዳትነግሪብኝ» ብሎኛል። ላቤ በጀርባዬ ሲወርድ ይሰማኛል። ተናገርኩ።

አስተባባሪዋ አልደነገጠችም። ጻፈች። እንዲህ ያለ መልስ ብቻውን ልገሳውን አይሰርዝም። ተቀባዩ ይነገረዋል፤ እሺም እምቢም ማለት ይችላል። ከተቀበለ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ደሙ እንደገና ይታያል፤ ቫይረስ ቢገኝ በጊዜ መድኃኒት ይጀምራል። በዚህ አገር ኤችአይቪ ያለበት ሰው እንኳ ኤችአይቪ ላለበት ሰው ኩላሊት መለገስ ይችላል።

አክስቴ ብዙ ዝም አለች። «ታዲያ አይጥሉትም?» አለችኝ።

«አይጥሉትም» አልኳት።

ነጠላዋን ከፊቷ አነሣች። «በሉ፣ የቀረውን ጠይቁኝ» አለች።