ይሉኝታና አንጎላችን፦ ለድሬዳዋ የእድር አባላት የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ የእድር ዳኞች፣ ከከዚራም ከመጋላም ከሳቢያንም የመጣችሁ እናቶችና አባቶች፣ እንደምን አመሻችሁ።

አንድ ዓረፍተ ነገር ልበላችሁ፦ "እናቴ ቡናውን በጫማ ቆላችው።" ጫማ የምትለዋን ቃል ስትሰሙ አንጎላችሁ ግማሽ ሰከንድ እንኳ ሳይሞላ "ይሄማ አይሆንም" ብሏል። ማርታ ኩታስና ስቲቨን ሂልያርድ የተባሉ የአንጎል ተመራማሪዎች በ1980 ይህንኑ መዝግበዋል (ዓመቶቹን የምጠራው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው)። ከነገሩ ጋር የማይገጥም ቃል ያነበበ ሰው፣ ቃሉን ካየ ከ400 ሚሊ ሰከንድ ገደማ በኋላ የአንጎሉ የኤሌክትሪክ ሞገድ ለየት ይላል። ትርጉም የምንፈልገው አስበንበት አይደለም፤ ቃሉ ሲደርሰን አብሮ ይደርሳል።

ታዲያ ምን ምን ይደርሳል? ለቅሶ የሚለውን ቃል ውሰዱ። ድንኳኑ ይታየናል፣ እዬዬው ይሰማናል፣ ወንበር መሸከሙን ክንዳችን ያውቀዋል። ከዚህም ጋር ድምፅ ዝቅ ማድረግ፣ ከማን አጠገብ እንደሚቀመጡ ማወቅ፣ የሟቹን ዕዳ በዚያ ሰዓት አለማንሳት፣ ሟቹ ሙስሊም ጎረቤት ከሆነ ቀብሩ ስለማይዘገይ ቶሎ መድረስ አለ። ይህን ማንም ደብተር አስይዞ አላስተማረንም፤ እያየን አደግንበት። ድሬዎች ትልቁንም ትንሹንም "አንተ" ይላሉ እየተባለ ይወራብናል። የድሬ ልጅ ግን የትኛው "አንተ" ፍቅር፣ የትኛው ንቀት እንደሆነ አይጠፋውም።

ምስሉ፣ ድምፁና እንቅስቃሴው በአንጎል ውስጥ በየቦታቸው የተበተኑ ናቸው። እነሱን አገናኝቶ አንድ ትርጉም በመስጠት ረገድ ትልቅ ድርሻ ያለው በጆሮ ግንዳችን በኩል ያለው የአንጎል የጎን ክፍል የፊተኛው ጫፍ እንደሆነ ብዙ ጥናት ያሳያል። ይህ የታወቀው በአብዛኛው ከታመሙ ሰዎች ነው። አርኖልድ ፒክ የተባለ ሐኪም በ1892 ፕራግ ውስጥ ንግግሩ የተበላሸና የአንጎሉ የጎን ክፍል የሟሸሸ አዛውንት ታሪክ ጻፈ። ተመራማሪዋ ኤልሳቤጥ ዎሪንግተን ደግሞ በ1975 የነገሮች ትርጉም የጠፋባቸውን ሦስት ሰዎች መርምራ አስረዳች።

እንዲህ ያለው ታማሚ አፉ አይተሳሰርም፣ ዓይኑም ያያል። ትናንት ማን ቤቱ እንደመጣ ይነግራችኋል፤ ገበያ ወጥቶ መንገድ ሳይስት ይመለሳል። የሚዳቋ ስዕል ብታሳዩት ግን መጀመሪያ ፍየል ይላል፣ ሕመሙ ሲገፋ እንስሳ፣ ቆይቶ ደግሞ እንጃ። ዳክዬ አሳይታችሁ፣ ስዕሉን አንስታችሁ፣ ጥቂት ቆይታችሁ ሳል ብትሉት አራት እግር ሊያደርግላት ይችላል፤ ብዙው እንስሳ አራት እግር አለውና። ቤተሰብም "ሁሉን ያስታውሳል፣ ምን ሆነ እንላለን?" እያለ ዓመታት ያልፋሉ።

እኔን ዛሬ እዚህ ያቆመኝ ግን የዚሁ የአንጎል ጫፍ ሌላ ሥራ ነው። በ2007 ሮላንድ ዛን እና ባልደረቦቹ ጤነኛ ሰዎችን የአንጎልን ሥራ በሚያሳየው የኤምአርአይ መሣሪያ ውስጥ አስተኝተው ቃላት አስነበቧቸው። እንደ ክብርና ጀግንነት ያሉ የሰው ለሰው ቃላት ሲነበቡ በተለይ በቀኝ በኩል የዚያው ጫፍ የላይኛው ክፍል ሥራው በረታ። ይህን ጫፍ የሚያሟሽሸው ሕመም በግራ ሲጀምር ቀድሞ የሚጠፋው ቃል ነው፤ በቀኝ ሲጀምር የሰው ፊት መለየት፣ ርኅራኄና ይሉኝታ ይጎዳሉ። ውሎ አድሮ ሁለቱም ይነካሉ።

አንድ ስልሳ ዓመት ያልሞላቸው አባት አስቡ። ዕድሜ ልካቸውን ለቅሶ ቀርተው አያውቁም። አሁን ግን አልቃሽ መሀል ተቀምጠው ይስቃሉ፣ ከሰው ሰሃን ያነሳሉ፣ እህታቸው ስታለቅስ "ምሳ ደረሰ?" ይላሉ። ሰፈሩ ገሚሱ ጃጁ፣ ገሚሱ ጂን ነው፣ ገሚሱ ደግሞ ድሮም ልባቸው ክፉ ነበር ይላል። በመጨረሻ ከእድር ሲቀሩ ይቀጣሉ፣ ቅጣቱ ሲደራረብ ይሰረዛሉ። ይህ እጅግ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ሰውየው አልናቁንም፣ አንጎላቸው ታሟል።

ባለጌ ሁሉ ታማሚ ነው ማለቴ አይደለም። ልብ የሚባለው ለውጡ ነው፤ የምናውቀው ሰው ከቀድሞ ጠባዩ እየራቀ ሲሄድ። ይህንን ከሐኪም በፊት የሚያየው እድር ነው። ስለዚህ የምለምናችሁ፣ የቆየ አባል ጠባዩ ከተለወጠ ስሙን ከመዝገብ ከመፋቃችሁ በፊት ሁለት ሰው ቤቱ ልካችሁ ቤተሰቡን ጠይቁ።

ወደ ሐኪም ሲሄድም አብሮት የሚኖር ሰው ይሂድ። ታማሚው ብዙ ጊዜ ደህና ነኝ ይላል፣ ከልቡም ያምናል። መቼ ጀመረ፣ ቃል ቀደመ ወይስ ጠባይ የሚለውን ያ ሰው ይናገር። የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የእንቅርት ዕጢ መታወክ፣ ድባቴና የአንጎል ዕጢም ጠባይ ይለውጣሉ፤ ከእነዚህ የሚታከም አለና መመርመሩ ግድ ነው። ለውጡ በድንገት፣ በሰዓታት ውስጥ ከመጣ ደግሞ ስትሮክ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ይድረስ።

ይህን እየሟሸሸ የሚሄድ የአንጎል ሕመም የሚያቆም መድኃኒት እስካሁን የለም። ቤተሰቡን ግን ማገዝ ይቻላል፦ ገንዘቡን ከአጭበርባሪ መጠበቅ፣ አጠር ባለ ቃል ማናገር፣ ዕቃውን በእጅ እያሳዩ መጥራት፣ አስታማሚዋን ለጥቂት ሰዓት ማሳረፍ። ድንኳን ተክለን ሦስት ቀን አብረን የምናድር ሰዎች ይህ አያቅተንም። አሁን ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁኝ፤ በሰው ፊት መናገር የከበዳችሁም በኋላ ለብቻ አናግሩኝ። አመሰግናለሁ።